በእግሩ የመጣው በሬ

አንድ ሰው ሠርግ ቤት ገባ።

ቀኑ እሑድ ነው፤ ወሩ ጥር። ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብ አይደለም፣ ጾም የለም። ድንኳኑ ውስጥ ሥጋው ተሰቅሏል፤ ቆራጩ ቢላዋ ያፋጫል፤ ሰው ሁሉ ሰሃኑን ይዞ ወደዚያ ይጋፋል። ይህ ሰው እጁን ታጠበ፤ እንጀራ አነሳ፤ ተጋፊዎቹን "ይቅርታ፣ ልለፍ" እያለ አለፈና ጥግ ላይ ወዳለችው የጾም ጠረጴዛ ሄደ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አንድ ማንኪያ ፎሶልያ። እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ የነበሩት እሱና ሐኪም ቅባት የከለከላቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ቁጭ ብሎ በላ። ጠገበ። ሙሽሮቹን መርቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ?

አውቃለሁ የምትሉትን። መጀመሪያ "አሞት ይሆናል" ትላላችሁ። ሪህ ይኖርበታል፣ ስኳር ይኖርበታል። እሺ። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሠርግ ቤት ታዩታላችሁ፤ እንደገና ጎመን። ከዚያ ክርስትና ቤት፤ እንደገና ሽሮ። በፋሲካ ሳምንት ጎረቤት ጠርቶት፤ እንደገና ምስር። ሰውየው ደግሞ ጤነኛ ነው። የሽንኩርት ኩንታል በትከሻው ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭናል። አሁንስ ምን ትላላችሁ?

እኛ ሰፈር የተባለውን ልንገራችሁ። "ቀኖና ተሰጥቶት ነው" ተባለ።

አያችሁ፣ እኛ ያለ ጾም የሚጾም ሰው ካየን መልሱን ለማግኘት ሩቅ አንሄድም። ንስሐ ገብቷል እንላለን። ንስሐ ከገባ ኃጢአት አለ። ቀኖናው ረጅም ከሆነ ኃጢአቱ ትልቅ ነው። ሰውየው እንዲህ ሲያደርግ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሥጋ አትብላ የሚያሰኝ ኃጢአት ምን ሊሆን ይችላል? ሰውየው ሥራው ሾፌር ነው። የቀረውን ሰፈሩ ራሱ ሞላው። "ሰው ገጭቶ አምልጧል" ተባለ። የት? "ከዲላ ወዲህ" አለ አንዱ። ማንን? "ሴት ናት አሉ፣ ነፍሰ ጡር" አለች ሌላዋ። ለገናና ለፋሲካ ቤቱ ያረደውን በግ እንደሚበላ የሚያውቁ ጎረቤቶችም ነበሩ። እነሱም መልስ አላጡም፤ "ካህኑ ለበዓል ብቻ ፈቅደውለት ነው" አሉ።

ማንም አላየም። ማንም ሰውየውን አልጠየቀውም። ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። እኛስ ስለ ስንት ሰው እንዲህ እናውቃለን?

ያ ሰው ይርዳው ይባላል። ጋሽ ይርዳው። ሴት ልጃቸው እመቤት ትባላለች። እመቤትን ለማግባት ሽማግሌ የላከው ወጣት፣ የሉካንዳ ቤቱ የአቶ ገዛኸኝ ልጅ፣ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ "እሱ" እያልኩ መቀጠል አልችልም፤ አማቴ ናቸው፣ አፌም እሺ አይለኝም። ከቀበርናቸው ዛሬ ሠላሳ ሦስት ቀናቸው ነው።

የመጀመሪያው ሽምግልና ደህና ሄዶ ነበር። ልጅቱ ተሰጠችን፤ ቀን ተቆረጠ። ከዚያ ወሬው አባቴ ሱቅ ደረሰ። ሉካንዳ ቤት ውስጥ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ወሬ ያወራል። አንድ ደንበኛ ሁለት ኪሎ እያስመዘነ "ጋሽ ገዛኸኝ፣ ከይርዳው ቤት ልትጋቡ ነው አሉ። እዚያ ቤት እኮ ደም አለ" አለው። አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠ።

ደም ያለበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሟች ዘመድ አንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ በአባትየው ብቻ አያበቃም፤ ልጅም አለ፣ የልጅ ልጅም አለ። አባቴ ማታ ሱቁን ዘግቶ ከመምጣቱ በፊት እኔን አስጠራኝ።

"ይህ ነገር ካልጠራ ሠርግ የለም" አለኝ።

"አባዬ፣ ወሬ ነው።"

"ወሬ ከሆነ አንድ ቀን ሥጋ ይብላና ወሬው ይሙት። ምን ይከብደዋል? የኔ ሱቅ ከበሩ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሩብ ኪሎ ገዝቶኝ አያውቅም።"

ወደ እመቤት ሄድኩ። "አባትሽ ለምንድን ነው ሥጋ የማይበሉት?" አልኳት።

"ይበላል እኮ። የራሳችንን በግ ይበላል።"

"ሌላውንስ?"

"ጠይቄው አላውቅም" አለች። ዓይን ዓይኔን አየችኝና "አንተም ፈራህ?" አለችኝ።

አልመለስኩላትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያወቅኋት ልጅ ናት። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሄዱ። ትልቁ ሽማግሌ የአባቴ አጎት ጋሽ ተክሌ ነበሩ፤ አብሯቸው አባቴ። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ሙሽራ በሽምግልና አይገኝም። ግን አባቴም፣ አማቴም፣ ባለቤታቸው እትዬ የሺም በየጊዜያቸው ነግረውኛል፤ የሦስቱም ወሬ አንድ ነው።

እትዬ የሺ ለእንግዶቹ ጥብስ አቀረቡ፤ ለባላቸው ሽሮ። ጋሽ ተክሌ ከጥብሱ መርጠው መርጠው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ወደ ጋሽ ይርዳው ዘረጉ።

"እንካ፣ ጉረስ።"

"ጋሽ ተክሌ፣ ይቅርብኝ።"

"የሽማግሌ እጅ ይመለሳል እንዴ?"

"አይመለስም። በሽሮ ያድርጉልኝና ሁለት ጊዜ ልጉረስ።"

እትዬ የሺ ከጓዳው በር ሆነው "አይድከሙ ጋሽ ተክሌ፤ እኔም ዘጠኝ ዓመት ሁለት ድስት ስጥድ ኖሬ አልተሳካልኝም" አሉ።

ጋሽ ተክሌ አልሳቁም። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱት።

"ይርዳው፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም። ልጅህን ልንወስድ ነው። የማን ደም ነው ያለብህ?"

ጋሽ ይርዳው ሽሯቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

"የሰው መስሎዎት ነው?"

"አገሩ ሁሉ መስሎታል።"

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።"

"ይኸው እኔ ጠየቅሁህ።"

"እንግዲያው ልንገራችሁ" አሉ። ነገሯቸው። እኔም እሳቸው እንዳሉት ልንገራችሁ።

"አሥራ ስድስት ዓመት ከቦረና ከብት ጭኜ ወደዚህ አመላልሻለሁ። የዚያን ቀን አሥራ ስምንት በሬ ጫንን። ዲላን ስናልፍ ከኋላዬ ተንኳኳ። ከጋቢናው ጀርባ ያለው እንጨት ነው። ረዳቴ መስሎኝ 'ምንድን ነው?' ብዬ ጮህኩ። ረዳቴ አልነበረም። በሬ ወድቋል። ራሱ ከእንጨቱ ሥር ገብቷል፤ ሌሎቹ ላዩ ላይ ቆመዋል። ልነሳ ሲል ቀንዱ እንጨቱን ይመታል። የከብቶቹ ባለቤት፣ ነጋዴው፣ አጠገቤ ተቀምጧል። 'እንቁምና እናንሳው' አልኩት። 'እሱን ለማንሳት ሁሉንም ማውረድ ነው፤ ገበያው ያልፈናል፤ ንዳ' አለኝ። ነዳሁ። ሰባት ሰዓት ነዳሁ።"

አባቴ ጣልቃ ገባ። "ሰባት ሰዓት ሙሉ አንኳኳ?"

"እሱን አላውቅም፣ አቶ ገዛኸኝ። ሐዋሳ ላይ ቴፑን ከፍ አደረግሁት።"



"ስንደርስ በሕይወት ነበር" አሉ ጋሽ ይርዳው። "መነሳት አይችልም፤ ዓይኑ ግን ያያል። ሳይሞትባቸው ለመድረስ ጎትተው አውርደው አረዱት። ጉበቱ ለሾፌር ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። በሚጥሚጣ ሰጡኝ። በላሁ። ጋሽ ተክሌ፣ ጣፈጠኝ። ጨምሩልኝ አልኩ፤ ጨመሩልኝ። በማግስቱ መኪናዬን ሳጥብ ከመቀመጫዬ ጀርባ ያለውን እንጨት አየሁት። ተቆፍሯል። ጣቴን ብሰደው እስከ አንጓው ገባ። ስንት ጊዜ ቢመታው ነው? እኔ ከዚያ እንጨት አንድ ክንድ ርቄ ነበር የተቀመጥኩት፤ የምዘፍነውም እኔ ነበርኩ።"

"ለንስሐ አባትህስ ነገርካቸው?" አሉ ጋሽ ተክሌ።

"ነገርኳቸው። 'ሰው ነው በሬ?' አሉኝ። በሬ ነው አልኳቸው። 'ልጄ፣ ለበሬ ቀኖና የለም፤ ዘፈኑን ስላስጮኽክ ግን ሃምሳ ስገድ' ብለው ሳቁ። ሰገድኩ። አልቀለለኝም። ስለዚህ ቀኖናውን ለራሴ ሰጠሁ። ከብት መጫን ተውኩ፤ ሽንኩርት መጫን ጀመርኩ። እንዴት አድርጎ እንደመጣ የማላውቀውን ሥጋ አልበላም አልኩ። በግቢዬ ያሳደግሁትን በግ እበላለሁ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ሌላው ይቅርብኝ። ሰፈሩ ቀኖና ነው ማለቱ እውነቱን ነው። የሰጠኝን ነው የሳተው።"

ጋሽ ተክሌ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ሳቁ፤ የቀለለው ሰው ሳቅ።

"ለበሬ ነው እንዴ ይህ ሁሉ? እንግዲያ ለጎመኗም አልቅስላት። ስትቀነጠስ ያማት ይሆናል።"

"ጎመን ከኋላዬ አላንኳኳችም፣ ጋሽ ተክሌ።"

አባቴ አልሳቀም። "አቶ ይርዳው" አለ፣ "እኔ ሱቅ የሚመጡት በሬዎችስ?"

"ብዙውን ጊዜ ያመጣሁልዎ እኔ ነበርኩ። ከቄራው በር አራግፌ እሄድ ነበር። እርስዎ ከውስጥ ይረከባሉ። እዚያ ተገናኝተን አናውቅም።"

ጋሽ ተክሌ ሽማግሌ ናቸውና ነገሩን ወደ መቋጫው ወሰዱት። "ሰው አለመሆኑ ተመስገን። እኛ አምነንሃል። ሰፈሩ ግን አያምንህም፤ ለበሬ ብሎ ነው ብንላቸው ይስቁብናል፤ ከሳቁ በኋላም ደም አለ ማለታቸውን አይተዉም። ስለዚህ በሠርጉ ቀን፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ከገዛኸኝ ሥጋ አንድ ጉርሻ ጉረስ። አንዲት ብቻ። ወሬው እዚያው ይቀበራል። ካልሆነ እኔ ይህን ጋብቻ ደፍሬ አልመርቅም።"

አሁን እናንተን ልጠይቅ። እናንተ ብትሆኑስ? አንዲት ጉርሻ ናት። ልጃችሁ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማለች። ጉርሻዋን ዋጥ ብታደርጓት ልጃችሁ ትዳሯን ትይዛለች፤ ወሬውም ያበቃል። በሬው እንደሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ከሞተ። ስንቶቻችን ነን እምቢ የምንል? እኔ ብሆን እጎርስ ነበር። በእውነት እነግራችኋለሁ፣ ያን ቀን ቢጎርሱልኝ ደስታዬ ነበር።

 ጋሽ ይርዳው እንዲህ አሉ፦

"ለእመቤት ብዬ ብዙ ነገር እውጣለሁ። ስድብም ቢሆን እውጣለሁ። ይህችን ከዋጥኩ ግን ቴፑን ሁለተኛ ከፍ አደረግሁት ማለት ነው። አልችልም። ይቅር በሉኝ።"

አባቴ ተነሣ። ኮቱን ደረበ። ሳይመርቅ፣ ሳይሰናበት ወጣ። ጋሽ ተክሌም ዘንጋቸውን ይዘው ተከተሉት።

እሑድ ምንም የለም። ሰኞ ምንም የለም። አባቴ ሱቅ ገብቶ ይወጣል፤ ለእኔ አንዲት ቃል አይተነፍስም። እመቤት ስልክ አታነሳም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። "አባዬን 'ለእኔ ብለህ እንዳትጎርስ' ብዬዋለሁ" አለችኝ። "አንተ ለአባትህ ምን አልከው?" እኔ ለአባቴ ምንም አላልኩትም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ የጋሽ ይርዳውን በር አንኳኳ። እትዬ የሺ ሲከፍቱ ደነገጡ፤ ሽማግሌ ሳይይዝ ብቻውን የመጣ ሰው ነገር ሊያፈርስ የመጣ መስሏቸው ነበር። ጋሽ ይርዳው ወጡ።

"እንሂድ" አላቸው አባቴ።

"ወዴት?"

"ገበያ። የልጆቹን በሬ እርስዎ ይምረጡ። በእግሩ እናመጣዋለን።"

"አራት ሰዓት ያስኬዳል እኮ።"

"እግር አለኝ።"

አባቴ ወፍራም ሰው ነው። ከገጠር ከወጣ ወዲህ በሬ ተከትሎ ሄዶ አያውቅም፤ የዚያን ቀንም የሱቅ ጫማውን ነው ያደረገው። ገበያው ድረስ በባጃጅ ሄዱ። መረጡ። ጋሽ ይርዳው ጥርሱን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ ከኋላው ቆመው ሲራመድ ተመለከቱ። አንድ ቀይ በሬ ገዙ። ገመዱን ጋሽ ይርዳው ያዙ፤ አባቴ ከኋላ ሆነ።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ በሬው ቆመ። አስፋልት አያውቅም። ጋሽ ይርዳው አልጎተቱትም፤ አብረውት ቆሙ። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ "ፋዘሮች፣ መኪና ጠፋ እንዴ? ከኋላ ልጫንላችሁ?" አላቸው። አባቴ "ከኋላ አንተ ግባ፤ እሱ ይነዳናል" አለው። ልጁ እየሳቀ ሄደ። በሬው በራሱ ጊዜ አስፋልቱን አሸተተና ተሻገረ።

መንገድ ላይ ቦኖ አለ። በሬው ውሃ ሸተተውና ወደዚያ አቀና። ጄሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች "ወረፋ ያዙ" አሏቸው። ያዙ። ሁለት ትልልቅ ሰዎችና አንድ በሬ በጄሪካኖቹ መካከል ተሰልፈው ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ አንዷ ሴት ባልዲዋን አዋሰቻቸው። በሬው ሁለት ባልዲ ጠጣ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አውልቋል፤ ተረከዙ ውሃ ቋጥሯል።

"ሃያ ስድስት ዓመት ሥጋ ቆርጫለሁ" አለ። "ታናሽ፣ ሻኛ፣ ጎድን፣ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። በሬን ግን የማውቀው ከመስቀያው ወዲህ ነው።"

"እኔ ደግሞ እስከ ቄራው በር" አሉ ጋሽ ይርዳው። "ሁለታችን ተደምረን አንድ በሬ አናውቅም።"

ከዚያ ድንጋይ ሲነሡ አባቴ "አንቱ" ማለቱን ተወ። ጋሽ ይርዳውም ተዉ። ግቢያችን ሲገቡ እየተከራከሩ ነበር፤ "አንተ አትጎትተው ብዬህ አልነበር?" "እኔ የት ጎተትኩት፣ አንተ ነህ የቆምክበት።" ያን ድምፅ ስሰማ ሠርጌ እንደሚሆን አወቅሁ።

በሬው ግቢያችን አራት ቀን ታሰረ። ጋሽ ይርዳው በየጠዋቱ ድርቆሽ ይዘው ይመጣሉ። አባቴ ሱቅ ከመሄዱ በፊት አብሯቸው ይቆማል፤ ለእህቶቼ "ስም እንዳታወጡለት፣ ዋ" ብሎ ይቆጣል። ዓርብ ዕለት ግን እሱ ራሱ የበሬውን ግንባር ሲያክለት አየሁት። ቅዳሜ ሲታረድ ገመዱን የያዙት ጋሽ ይርዳው ናቸው። ቢላዋውን የያዘው አባቴ ነው። አባቴ ቆራጭ እንጂ አራጅ አልነበረም፤ ያን ሥራ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚሠራለት። በስመ አብ ሲል ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። 

እሑድ ድንኳኑ ሞላ። አባቴ በእጁ ጠቅልሎ ለአማቴ ዘረጋ። ድንኳኑ ውስጥ ሙዚቃው ባይቆምም ሰዉ ቆመ፤ ሁሉም ያያል። ጋሽ ይርዳው ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ዋጡ። "ተመስገን" አሉ፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ለፈጣሪም ለበሬውም መሰለኝ።

ሰፈሩ ምን አለ? "ቀኖናው አለቀ" አለ። እልል ያሉም ነበሩ። በሚቀጥለው እሑድ በሌላ ሠርግ ቤት ጋሽ ይርዳው እንደ ልማዳቸው ጥግ ላይ ሄደው ጎመን ሲያነሡ ደግሞ፣ "አይ፣ ተጨምሮበታል" ተባለ።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አባቴ ሱቁን አልዘጋም። ሥጋ ይሸጣል፤ ይበላልም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ራሱ ቄራው በር ድረስ ይሄዳል። ተጋድሞ የመጣ በሬ አይረከብም። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ከዚያ ተቆጡ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ። በሩ ላይ "ዛሬ ሥጋ የለም" የሚል ካርቶን የሚሰቅልባቸው ቀናት አሉ። እኔ ዛሬ እዚህ ፊታችሁ የቆምኩት ልጁም ሥጋ እበላለሁ። ከበፊቱ አንሶ ይሆናል፤ ግን እበላለሁ። ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

አማቴ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በአንድ ማዕድ ተቀምጠን አንድ ቀን እንኳ ሰሃኔን አይተው ፊታቸውን አላጠቆሩም። አንድ ጊዜ እኔው ጠየቅኋቸው። "አባባ፣ እኔ ስበላ ቅር ይልዎታል?"

"ብላ" አሉኝ። "ብቻ አትቸኩል።"

እኔ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ። እንደዚህች ያለች አጭር ስብከት አልሰማሁም።

እስቲ ስለ እኛ እናውራ። የበዓል ዋዜማ መንገድ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ። በጉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እግሩ ተጠፍሮ ፀሐይ ይመታዋል። ዶሮዋ በእግሯ ታስራ ከባጃጁ መስታወት ቁልቁል ተንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ምንቃሯ ተከፍቷል። በሬዎቹ መኪና ላይ ተፋፍገው መብራት ይዟቸው አጠገባችሁ ሲቆሙ አንዱ በእንጨቶቹ መካከል ያያችኋል። አይታችኋል? አይተናል። ምን አደረግን? መስኮቱን ዘጋን። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቴፕ አለን።

ሥጋ መብላት ተፈቅዶልናል። እኔ አልተፈቀደም አልላችሁም፤ አማቴም አላሉም። የተፈቀደልን ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ውሃ የሚጠማው፣ ሲወድቅ መነሣት የሚፈልግ። ስትቀበሉት ከማን እጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታዲያ እንዴት እንደመጣ አለማወቅን መርጠን፣ በላዩ ላይ ባርከን ስንበላ፣ የባረክነው ምኑን ነው?

ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውሳችሁ። የፊታችን እሑድ ቅበላ ነው፤ በማግስቱ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ አንቀምስም። እናቶቻችሁ ጾመውታል፤ እናንተም ትጾሙታላችሁ፤ ማንም ሥጋ አጥቶ ሲሞት አላያችሁም። በሽሮ ታርሳላችሁ፣ በምስር ግንብ ትገነባላችሁ፣ በጎመን ልጅ ታሳድጋላችሁ። ያለ ሥጋ መኖርን በዓለም ላይ እኛን ማን ያስተምረናል? ታዲያ ፋሲካ ሲገባ ሃምሳ አምስቱን ቀን በአንድ ጠዋት እንደሚያካክስ ሰው የምንሆነው ለምንድን ነው? ከፍስክ ቀናችን አንዱን፣ ሁለቱን ለዚያ ጥግ ላይ ላለችው ጠረጴዛ ብንሰጥ ምን ይጎድልብናል? ሰው ቀኖና ተሰጥቶት ነው ቢለንስ? ይበለና።

ቀላል ነው አልላችሁም። ሥጋ ሻጩን "ይህ በሬ እንዴት መጣ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል። አባቴም ይስቅ ነበር። ጠይቁት። ሁለተኛ ሲጠየቅ ሳቁ ያንሳል። ሦስተኛ ሲጠየቅ እሱም ነጋዴውን ይጠይቃል።

አማቴ ሊሞቱ ሰሞን እመቤት ስለ ተዝካራቸው መጠየቅ ከበዳት፤ እኔ ጠየቅኋቸው። አትረዱ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ሰው ይመጣል፤ ባዶ አፉን አትሸኙት" አሉኝ። ትንሽ አርፈው ደግሞ፣ "በሬ ካረዳችሁ ግን አብራችሁት ኑ" አሉ።

ተዝካራቸው የፊታችን እሑድ ነው፤ በቅበላ ቀን። ስለዚህ ከነገ ወዲያ፣ ማክሰኞ፣ ገበያ እንሄዳለን። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ቅርልን ብንለው እምቢ ብሏል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሱቁ በር እንነሣለን፤ ስንመለስ አራት ሰዓት በእግር ነው። መንገድ ላይ ያለው ቦኖ ከተበላሸ ወር አልፎታል። አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ኑ፤ ስትመጡ ግን ለበሬው ውሃ የሚሆን ጄሪካን ያዙ።